ሱፐርሂሮ ፊልም ላይ ስህተት ስታድኑ ራሳችሁ እንዳትሳሳቱ፦ ዝርዝር መመሪያ

«ቆይ ቆይ! ቅድም እኮ ጓንት አድርጎ ነበር!» ብላችሁ ፊልሙን አስቁማችሁ ታውቃላችሁ። መልሳችሁ ስታዩት ጓንቱ እጁ ላይ አለ። ወይም በመሃል አውልቆታል፣ እናንተ ናችሁ ያላያችሁት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል።

ስህተት የሚመስል ነገር ማየት ቀላል ነው። ያያችሁት በእርግጥ ስህተት መሆኑን ማስረዳት ግን ሥራ አለው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ያዙልኝ። የኮንቲኒዩቲ ስህተት፣ ማለትም እንዳለ መቀጠል የነበረበት ነገር ያለ ምክንያት ተቀይሮ መገኘቱ፣ ሁልጊዜ ሁለት ፍሬም ነው፤ ፍሬም ማለት ፊልሙ የተሠራበት አንድ ነጠላ ምስል ነው። አንዱ «እንዲህ ነበር» ይላል፣ ሌላው «እንዲህ ሆነ» ይላል። በሁለቱ መሃል ደግሞ ለውጡን ሊያመጣ የሚችል ጊዜም ድርጊትም መኖር የለበትም። እነዚህን ካላሟላችሁ የያዛችሁት ጥርጣሬ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ደረጃ 1፦ የትኛው ቅጂ እንደያዛችሁ እወቁ

አንድ ፊልም ብዙ መልክ አለው። ሲኒማ የታየው፣ ዲቪዲ ላይ የወጣው፣ ተጨማሪ ትዕይንት የገባበት፣ ዳይሬክተሩ እንደገና የሠራው። «ጀስቲስ ሊግ» በ2017 ሲኒማ ሲገባ 2 ሰዓት ነበር። በ2021 የወጣው የዛክ ስናይደር ቅጂ 4 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ነው። የምስሉ ቅርጽ ራሱ ይለያያል፤ የኋለኛው እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ቁመት ያለው ነው። አንዱ ላይ ያገኛችሁትን ሌላው ላይ ፈልጋችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ።

የደቂቃ ቁጥርም ያታልላል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይቀረጻል። በአውሮፓ ስርዓት የተዘጋጁ ዲቪዲዎች ግን ብዙ ጊዜ በ25 ፍሬም ያጫውቱታል። የ2 ሰዓት ፊልም በዚህ ብቻ ወደ 5 ደቂቃ ያጥራል። እናንተ «1 ሰዓት ከ10 ላይ» ያላችሁት ሌላው ሰው ጋ ሌላ ትዕይንት ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ማስታወሻችሁ አናት ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የፊልሙን ስም፣ ዓመቱን፣ የቅጂውን ዓይነት፣ ጠቅላላ ርዝመቱን እስከ ሰከንድ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኢንተርኔት ላይ ተቆራርጠው የሚለቀቁ ክሊፖችን ለማስረጃ አትጠቀሙ። የባለቤትነት ማጣሪያ እንዳይዛቸው ብለው ምስሉን እንደ መስታወት የሚገለብጡ፣ ጠርዙን የሚቆርጡ፣ ፍጥነቱን የሚቀይሩ ሞልተዋል። «ሰዓቱ ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ ሄደ» የሚለው ክስ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከእንደዚህ ዓይነቱ ክሊፕ ነው ብል ብዙም አላጋንንም።

ደረጃ 2፦ መቆጣጠሪያውን ልመዱ

ኮምፒውተር ተጠቀሙ። ስልክ ላይ ጣታችሁን ሁለቴ ስትነኩ 10 ሰከንድ ይዘላል፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ የሰከንድ 24ኛ እጅ ነው። አይገናኝም።

ፋይሉ ወይም ዲስኩ ካላችሁ ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ይበቃል። የሚያስፈልጓችሁ ቁልፎች ጥቂት ናቸው።

1. «ኢ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል፦ በተጫናችሁ ቁጥር አንድ ፍሬም ወደፊት ትሄዳለች።
2. ሺፍትና የግራ ቀስት፦ 3 ሰከንድ ወደኋላ ይመልሳሉ።
3. የመቀነስ ምልክት፦ ፍጥነቱን ታዘገያለች።
4. ሺፍትና «ኤስ»፦ ዊንዶውስ ላይ ያያችሁትን ፍሬም ፎቶ አድርገው ያስቀምጣሉ።

ቪኤልሲ ወደኋላ በአንድ በአንድ ፍሬም አይመለስም። ካለፋችሁት 3 ሰከንድ መልሱና እንደገና «ኢ»ን እየተጫናችሁ ድረሱበት። ያበሳጫል፣ ትለምዱታላችሁ። ዩቲዩብ ላይ በሕጋዊ መንገድ የተከራያችሁት ከሆነ ደግሞ ፖዝ አድርጋችሁ ነጥብን ስትጫኑ ወደፊት፣ ኮማን ስትጫኑ ወደኋላ በፍሬም ይሄዳል።

ከዚያ ሰንጠረዥ ክፈቱ። አምስት ዓምድ፦ ሰዓት፣ ነገር፣ «ነበር»፣ «ሆነ»፣ በመሃል ያለው። የመጨረሻዋን ዓምድ ማንም አይሞላትም። ብዙውን ክስ የምትገድለውም ሆነ የምታድነው ግን እሷ ናት።

ደረጃ 3፦ አንዴ ዝም ብላችሁ እዩት

ፖዝ የለም። መመለስ የለም። ታሪኩን ብቻ ያዙ፦ ጊዜ የሚዘልበት የት ነው? የጀግናው ኃይል ምን ድረስ ነው? ቁስሉ በራሱ ይድናል? ልብሱ ራሱን ይጠግናል? ይህን ሳታውቁ ብትነሱ «የተቀደደው ልብስ ተሰፍቶ ተገኘ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ለካ ልብሱ ከመጀመሪያው ራሱን የሚጠግን ነው።

በዚህ ዙር ምንም ስህተት ካላያችሁ አትደንግጡ። የሰው ዓይን እንዲህ ነው። በ1998 ዳንኤል ሳይመንስና ዳንኤል ሌቪን የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። አንድ ሰው መንገደኛ አስቁሞ አቅጣጫ ይጠይቃል። እያወሩ ሳለ በር የተሸከሙ ሰዎች በመሃላቸው ያልፋሉ፣ በዚያች ቅጽበት ጠያቂው በሌላ ሰው ይተካል። ከመንገደኞቹ ግማሽ ያህሉ ሰውየው እንደተቀየረ ሳያውቁ አቅጣጫ ማሳየታቸውን ቀጠሉ። ሰው ሙሉ በሙሉ ሲቀየር ካልታየን፣ የኮሌታ መታጠፍ ከየት ሊታየን!

ደረጃ 4፦ የት እንደምትፈልጉ ምረጡ

የ2 ሰዓት ሱፐርሂሮ ፊልም ከሺህ በላይ ሾት (ካሜራው ሳይቆረጥ የሚያሳየው አንድ ቁራጭ) አለው። ሁሉንም በፍሬም ካያችሁ ትታመማላችሁ። ስህተት የሚወለደው ግን በታወቁ ቦታዎች ነው።

ሀ. ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ትዕይንት። ሰው ሁሉ ወደ ድብድቡ ይሮጣል፣ የተትረፈረፈው ምርት ግን እዚህ ነው። ምክንያቱ የቀረጻው አሠራር ነው። መጀመሪያ ሁለቱም ሰዎች የሚታዩበት ሰፊ ሾት ይቀረጻል። ከዚያ ካሜራው ወደ አንዱ ፊት ይጠጋል፣ ንግግሩ ከመጀመሪያ ይደገማል። ከዚያ መብራቱ ሁሉ ተገልብጦ ወደ ሌላው ፊት። እኛ በ2 ደቂቃ የምናየው ንግግር ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ተዋናዩ በስንተኛው ቃል ላይ ብርጭቆውን እንዳነሳ፣ በየትኛው እጁ እንደያዘው የሚከታተል ሰው አለ፤ ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር ይባላል። እሱም ሰው ነው።

ለ. ነገር የሚሰበርበት ትዕይንት። የተሰበረ መስታወት፣ የተጨፈለቀ መኪና፣ የፈረሰ ግድግዳ። ለሌላ ሙከራ ሁሉም ነገር በአዲስ ይተካል፣ ኤዲተሩ ደግሞ የተለያዩ ሙከራዎችን ይቀላቅላል። በ2002ቱ «ስፓይደር-ማን» ጀግናው ፒተር ክፍሉ ውስጥ ድር መተኮስ ሲለማመድ አባዡሩን ስቦ ይሰብራል። ትንሽ ቆይቶ አክስቱ ስትጠራው አባዡሩ ደህና ሆኖ ቦታው ላይ ቆሟል።

ሐ. ልብስና ቁስል። የጀግናው ልብስ አንድ አይደለም። ለቅርብ ሾት የሚያምረው አለ፣ ስታንት (አደገኛውን ድርጊት በተዋናዩ ፋንታ) የሚሠራው ሰው የሚለብሰው አለ፣ «ትንሽ የተቀደደ»፣ «በጣም የተቀደደ» ተብሎ በየደረጃው የተዘጋጀ አለ። ትዕይንቶቹ ደግሞ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጹም። የመጨረሻው ድብድብ ከመጀመሪያው ቀድሞ ሊቀረጽ ይችላል። የደም ነጠብጣብ ወደኋላ የሚጓዘው እንዲህ ነው።

መ. ዘግይቶ የተቀረጸ። ፊልሙ አልቋል ከተባለ በኋላ ተዋናዮቹ ተጠርተው አንዳንድ ትዕይንት እንደገና ይቀረጻል። ያኔ ሁሉም ሌላ ሥራ ላይ ነው። ሄንሪ ካቪል ለ«ጀስቲስ ሊግ» ድጋሚ ቀረጻ ሲጠራ ለሌላ ፊልም ሪዝ አሳድጎ ነበር፣ እንዳይላጭ ተከለከለ። ሪዙን በኮምፒውተር አጠፉት፤ የላይኛው ከንፈሩ አካባቢ የሆነ የማይገባ ነገር እንዳለ ማንም ያያል። በ2015ቱ «ፋንታስቲክ ፎር» ኬት ማራ ለድጋሚ ቀረጻ ያደረገችው ዊግ ከትዕይንት ትዕይንት ይለያል። በ2012ቱ «አቬንጀርስ» መጨረሻ ላይ ጀግኖቹ ደክሟቸው ቁጭ ብለው የሚበሉበት ትዕይንት ደግሞ የተቀረጸው ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ በኋላ ነው። ክሪስ ኢቫንስ ያን ጊዜ ፂም ነበረው። ሰው ሠራሽ አገጭ ለጠፉበት፣ እሱም ፊቱን በእጁ ደግፎ ተቀመጠ። አሁን ስታዩት ለምን እንደማይበላ ይገባችኋል።

ከእነዚህ ከአራቱ አንድ አንድ ትዕይንት ምረጡ። አራት ትዕይንት ለአንድ ምሽት ይበቃል።

ደረጃ 5፦ በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ተከተሉ

የመመሪያው ዋና ደረጃ ይህ ነው። እዚህ ላይ ብቻ ትዕግስት ካላችሁ ሌላውን ብትዘሉም ይሳካላችኋል።

ድምፁን አጥፉት። ድምፅ ካለ ዓይናችሁ የሚናገረውን ሰው ፊት ይከተላል። ዝም ሲል ነጻ ትሆናላችሁ። ከዚያ ትዕይንቱን ደጋግማችሁ እዩት፣ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ነገር ብቻ፦

1. እጅ። ምን ይዟል? በየትኛው?
2. ፀጉር፣ ኮሌታ፣ ዚፕ፣ የካባው መታጠፊያ።
3. ቁስል፣ ጭቃ፣ ደም። በየትኛው ጉንጭ? ስንት መስመር?
4. ከጀርባ ያለው ሰው፣ መኪናና መስኮት።
5. ጥላ። ወዴት ይወድቃል? ረዝሟል?
6. የምስሉ አራት ጠርዞች። የማይክ ጫፍ፣ የካሜራ ጥላ፣ መሬት ላይ የተለጠፈ የመቆሚያ ምልክት።

እስቲ በአንድ ትዕይንት እንሥራው። እዚያው የ2002ቱ «ስፓይደር-ማን» ላይ ሜሪ ጄንን ጨለማ ውስጥ አራት ዱርዬዎች ያስቆሟታል። ዝናብ ነው። ስፓይደር-ማን ይደርሳል።

የመጀመሪያውን ዙር በእጅ ሂዱ። ምንም የለም፤ ቡጢው ፈጣን ነው፣ ጨለማ ነው። ሁለተኛውን በፀጉር። ዝናብ ስላለ ሁሉም ርጥብ ነው፣ ዝለሉት። አራተኛው ዙር ላይ ስትደርሱ ሰዎቹን ተዉአቸውና ከሜሪ ጄን ጀርባ ያለውን ግድግዳ ብቻ እዩ። ሁለት መስኮቶች አሉ። ከዱርዬዎቹ ሁለቱ ተወርውረው በእነዚያ መስኮቶች ገብተው ሄዱ፣ መስታወቱ ረገፈ። አሁን ፖዝ። ሰዓቱን ጻፉ፦ «ነበር»፣ ሁለቱም ተሰብረዋል። ካሜራው ዞሮ ስፓይደር-ማን ከቀሩት ሁለቱ ጋር ሲደባደብ ያሳያል። «ኢ»ን እየተጫናችሁ ሂዱ። ካሜራው ወደ ሜሪ ጄን ሲመለስ ከጀርባዋ መስኮቶቹ ሙሉ ናቸው። ፖዝ። «ሆነ»፣ ደህና ናቸው።

አሁን አምስተኛዋ ዓምድ። በመሃል ምን አለ? ድብድቡ ቀጥሏል፣ ጊዜ አልዘለለም፣ መስታወት የሚገጥም ሰው አልመጣም። ይህ የተጣራ ስህተት ነው። በሲኒማው ውስጥ ያየው ሰው ሁሉ ግን ዓይኑ ስፓይደር-ማን ላይ ነበር፣ እንዲሆንም የተፈለገው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ «ኤዲተሩ እንዴት አላየውም?» አትበሉ። አይቶት ሊሆን ይችላል። ታዋቂው ኤዲተር ዋልተር መርች አንድ ቁርጥ (ከአንድ ሾት ወደ ሌላው መሻገሪያ) ምን ምን ማሟላት እንዳለበት በመቶኛ ሲያስቀምጥ ለስሜት 51 ሰጥቶ፣ ሰዎችና ዕቃዎች በቦታው ውስጥ የት እንዳሉ ለመጠበቅ የሰጠው 4 ነው። ተዋናይዋ በጣም ጥሩ የሆነችበት ሾት ላይ መስኮቱ ደህና ከሆነ፣ መስኮቱ ይሸነፋል።

ደረጃ 6፦ ሁለቱን ፍሬም አስቀምጡ

ሁለት ፎቶ ያዙ። ፋይሎቹን በሰዓታቸው ሰይሟቸው፣ አለበለዚያ ከሃያ ፎቶ በኋላ የቱ የት እንደነበር አታውቁም። በሁለቱ መሃል ስንት ሾት እንዳለ ቁጠሩና ጻፉ። አንድ ወይም ሁለት ሾት ከሆነ ክሱ ጠንካራ ነው። ሃያ ከሆነ ይዳከማል፤ ያን ሁሉ ጊዜ የሆነው ሁሉ ካሜራው ፊት አልሆነም።

ፎቶው ጥቁር ሆኖ ከወጣ ኮምፒውተራችሁ አልተበላሸም። የስትሪሚንግ አገልግሎቶች ቅጂ ለመከላከል ስክሪንሹትን ይዘጋሉ። መቆለፊያውን ለመስበር አትልፉ። ሰዓቱን እስከ ሰከንድ ጻፉና የሚታየውን በቃላት ግለጹት።

ደረጃ 7፦ የራሳችሁን ክስ አፍርሱት

አሁን ጠበቃ ሁኑ። የፊልሙ ጠበቃ።

እዚህ ላይ የኔን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የአንድ ክፉ ገጸ ባሕርይ ጠባሳ ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ ዞሮ አገኘሁ። ሁለት ፍሬም አለኝ፣ መሃላቸው አንድ ሾት ብቻ ነው። በደስታ ለጓደኞቼ አወራሁ። አንዷ ዝም ብላ ፎቶውን አየችና «ከጀርባው ያለው የመታጠቢያ ቧንቧ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ሁለተኛው ሾት በመስታወት ውስጥ የሚታይ ምስሉ ነበር። የመስታወቱ ጠርዝ በግልጽ ይታያል። እኔ ጠባሳውን ብቻ ነበር ያየሁት።

ስለዚህ እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ ጠይቁ። አንዱ እንኳ «አዎ» ካስባላችሁ ክሱን ሰርዙት።

1. መስታወት ወይም ነጸብራቅ ነው? ከጀርባ ያለ ጽሑፍ ፈልጉ። ፊደሉ ከተገለበጠ ወይ መስታወት ነው፣ ወይ ኤዲተሩ ሾቱን ገልብጦታል። ሁለተኛው ከሆነ ያ ራሱ ግኝት ነው፣ ግን ስሙ «የተገለበጠ ሾት» ነው።

2. ጊዜ ዘልሏል? የአንድ ሰከንድ ጨለማ፣ የሙዚቃ መቀየር፣ የቦታ መቀየር ጊዜ ማለፉን ሊነግር ይችላል። ሁልጊዜ አይደለም ግን። በ2012ቱ «ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» ወንበዴዎቹ አክሲዮን ገበያውን ሲዘርፉ ቀን ነው፣ ማሳደዱ ሳያቋርጥ በዋሻ ገብቶ ሲወጣ ድቅድቅ ሌሊት ነው። ጠበቃው «ሲመሽ ነበር የጀመረው» ይላል። በዚያ ፍጥነት ግን አይመሽም። እንዲህ ዓይነቱን ክስ አቆዩት፣ የጠበቃውን መልስም አብራችሁ ጻፉት።

3. ከካሜራው ውጭ ሊሆን ይችል ነበር? ሰው ብርጭቆ ለማስቀመጥ አንድ ሰከንድ ይበቃዋል። የተሰበረ መስኮት ለመጠገን አይበቃውም። ለውጡ የሚፈልገውን ጊዜና በመሃል ያለውን ጊዜ አወዳድሩ።

4. የገጸ ባሕርዩ ኃይል ያብራራዋል? ለሱፐርሂሮ ፊልም ብቻ የምትመጣ ጥያቄ ናት፣ ብዙ ክስ ትበላለች።

5. የምስሉ ቅርጽ ነው የተቀየረው? የ2008ቱን «ዘ ዳርክ ናይት» በብሉሬይ ስታዩ ከላይና ከታች ያለው ጥቁር ጠርዝ አንዳንዴ ድንገት ይጠፋል። የተበላሸ ነገር የለም። እነዚያ ትዕይንቶች ምስሉ ቁመት ባለው በአይማክስ ካሜራ የተቀረጹ ናቸው። በተቃራኒው አንዳንድ የቴሌቪዥን ቅጂ ሲኒማው ላይ የተሸፈነውን የምስሉን ላይና ታች ይከፍታል። ያኔ ማይክ ቢታይ ጥፋቱ የቀረጻው ሳይሆን የቅጂው ነው።

6. ሆን ተብሎ ነው? በ«ካፒቴን አሜሪካ፦ ዘ ዊንተር ሶልጀር» የኒክ ፊዩሪ መቃብር ላይ የተጻፈው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ሕዝቅኤል 25፥17 ነው። ፊዩሪን የሚጫወተው ሳሙኤል ጃክሰን በሌላ ፊልም የታወቀበት ጥቅስ ነው። የጥበብ ሰዎቹ ለሚያውቅ የጣሉት ቀልድ እንጂ ስህተት አይደለም።

ደረጃ 8፦ በትክክለኛ ስሙ ጥሩት

ክሱ ከተረፈ ዓይነቱን ወስኑ። እዚህ ላይ የሚደረገው መደባለቅ ያናድደኛል።

የኮንቲኒዩቲ ስህተት፦ መስኮቱ። አባዡሩ። ሁለት ፍሬም ያለው ሁሉ።

የቀረጻ ስህተት፦ የማይክ ጫፍ፣ የካሜራማን ነጸብራቅ፣ የስታንት ሰው ፊት፣ የሚታይ ገመድ። ለዚህ አንድ ፍሬም ይበቃል። መነጽር፣ የመኪና በርና የጀግናው የሚያብለጨልጭ ልብስ ላይ ፈልጉ።

የታሪክ ክፍተት፦ በ«ዘ ዳርክ ናይት» ጆከር ሬቸልን ከፎቅ ይጥላታል፣ ባትማን ዘሎ ያድናታል፣ ከዚያ ትዕይንቱ ያበቃል። ላይ ከጆከር ጋር የቀሩት እንግዶችስ? ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን የጽሑፍ እንጂ የቀረጻ ጉዳይ አይደለም። ሰንጠረዡ ውስጥ አታስገቡት።

ከሌሎች ፊልሞች ጋር መጋጨት፦ «ስፓይደር-ማን፦ ሆምካሚንግ» «አቬንጀርስ» ላይ ከታየው ከ2012ቱ የኒው ዮርክ ጦርነት ማግስት ይጀምርና «ከ8 ዓመት በኋላ» ብሎ ይጽፋል። ያ 2020 ነው። በተከታታዮቹ ፊልሞች አቆጣጠር ግን ታሪኩ ከ2018 በፊት መሆን አለበት። ፊልሙን ብቻውን ካያችሁት ምንም ስህተት የለውም። ስለዚህ ለብቻው መዝግቡት።

ከእውነታ ጋር መጋጨት፦ «ዎንደር ዉማን» ላይ የጀርመኑ ጄኔራል ሉደንዶርፍ በ1918 ይሞታል። እውነተኛው ሰው የሞተው በ1937 ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን አያውቁም ማለት ይከብዳል። «ነጻነት ወስደዋል» ማለት ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ጻፉት

እንዲህ አይጻፍም፦ «ፊልሙ ላይ መስኮቱ ይሰበራል ከዚያ አይሰበርም ሃሃሃ»።

እንዲህ ይጻፋል፦ «በዝናቡ ድብድብ ሁለት ዱርዬዎች ከሜሪ ጄን ጀርባ ባሉት ሁለት መስኮቶች ተወርውረው ይገባሉ፣ ሁለቱም መስታወቶች ይሰበራሉ። ስፓይደር-ማን ከሌሎቹ ጋር ሲደባደብ ከታየ በኋላ ካሜራው ወደ እሷ ሲመለስ መስኮቶቹ ሙሉ ናቸው። በመሃል ጊዜ አልዘለለም።» ሦስት ዓረፍተ ነገር። የሰዓቱንና የቅጂውን መረጃ ከታች ጨምሩ። ግራና ቀኝ ስትሉ የማን ግራ እንደሆነ ግለጹ፦ የተዋናዩ ወይስ የተመልካቹ። ይህን ሳይለዩ የጻፉ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጓንት ሲጨቃጨቁ ማየት ያሳዝናል።

ሲበላሽባችሁ

«ሁለት ሰዓት ፈለግሁ፣ ምንም የለም።» ድብድብ ላይ ብቻ ነው የፈለጋችሁት። ወደ ደረጃ 4 ሀ ተመለሱ። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት ረጅም ትዕይንት ፈልጉና እጅን ብቻ ተከተሉ።

«ሁሉም ነገር ስህተት መሰለኝ።» ዓይናችሁ ደክሟል። አቁሙ። የዚያን ምሽት የመጨረሻ ሰዓት ግኝቶች በማግስቱ እንደገና እዩ። ከአሥሩ ሰባቱን ብትሰርዙ አይግረማችሁ።

«ሁለተኛው ፍሬም ደብዝዟል።» እንቅስቃሴ ላይ ያለ ነገር በአንድ ፍሬም ላይ ይደበዝዛል። ሦስት አራት ፍሬም ወደፊት ሂዱ፣ የሚቆምበት ቅጽበት አለ። የማይቆም ከሆነ ክሱን ተዉት። በደበዘዘ ምስል ላይ ሰው የፈለገውን ያያል።

«ሌሎች ያወሩለት ስህተት የኔ ቅጂ ላይ የለም።» መጀመሪያ ቅጂውን አረጋግጡ፣ ደረጃ 1። ከዚያ አንድ ነገር አስቡ፦ አሁን አሁን ስቱዲዮዎች የታወቁ ስህተቶችን ድምፃቸውን አጥፍተው በኮምፒውተር ያርማሉ፣ ስትሪሚንግ ላይ ያለውን ፋይል ይተካሉ። አሮጌ ዲስክ ያለው ሰው ካገኛችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

«ጓደኛዬ አላመነኝም።» ፎቶዎቹን ሳይሆን ትዕይንቱን አጫውቱለት። ምን እንደሚፈልግ ግን አትንገሩት። ሁለቴ አይቶ ካላገኘው በሦስተኛው «መስኮቱን እይ» በሉት።